በጋሻ ጥላ ሥር የተረፈው ቁልቋል

በአርዛማ መንግሥት፣ ንጉሥ ሐልዶር በነገሠ ዘመን፣ የዙፋኑ ቁልቋል ከሥሩ በሰበሰ። ያ ቁልቋል ከምድረ በዳው ጋር የተገባ ቃል ኪዳን ነበር፤ እርሱ ቆሞ ሳለ አሸዋው የከተማይቱን ቅጥር አያልፍም። የገደለው ጠላት አልነበረም። ሕዝቡ ከፍቅሩ የተነሣ ጠዋት ማታ ውሃ ሲያፈስለት ኖሮ አሰጠመው። በወደቀ ዕለት አሸዋው እንደ ባሕር ተነሥቶ የምሥራቁን በር ዋጠ።

«እናት ቁልቋል በእሳት ሸለቆ አለች» አለ ንጉሡ። «ከእርሷ ቡቃያ ቆርጦ የሚያመጣልኝ ማን ነው?»

ሴት ልጁ ቴልሚራ ጦሯን ተክላ ቆመች። «በሰማይና በምድር እምላለሁ! ቡቃያውን ይዤ ካልተመለስሁ ስሜ ከአርዛማ ይጥፋ!»

ጋሻ ጃግሬዋ ባርሞክም አብሯት ወጣ። የጨው ሜዳውን በግመል አቋርጠው፣ ድንጋይ እንደ ፍም ወደሚግልበት ሸለቆ ወረዱ። ቴልሚራ ቡቃያውን ስትቆርጥ ግን እናት ቁልቋልን የሚጠብቀው እሳተ ክንፍ የተባለው አውሬ ከገደሉ አናት ነቅቶ ነበልባል እየተፋ መጣባቸው።

ባርሞክ ጋሻውን ከክንዱ አወለቀ። «እመቤቴ፣ ይህን ይያዙ። የተቆረጠ ቡቃያ ቁስሉ ሳይደርቅ ፀሐይ ካየው ይሞታል።»

«አንተስ ያለ ጋሻ?»

«ጋሻ የሚጠበቅ ነገር ላለው ነው። የሚጠበቀው ደግሞ በእጅዎ ነው።»

ይህን ብሎ ፎከረና ወደ ነበልባሉ ሮጠ። እየነደደ ጦሩን በአውሬው ጉሮሮ ሰካ፤ ሁለቱም አብረው ወደቁ።

ቴልሚራ የቡቃያው ቁስል እስኪደርቅ በጋሻው ጥላ ሥር ቆየች። እርጥበት ያበሰብሰዋልና እንባዋ እንኳ እንዳይነካው ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

በአርዛማ ቡቃያውን በጠጠርና በአሸዋ መካከል ስትተክለው ምድር ተንቀጠቀጠች፤ አሸዋውም ከበሩ ሸሸ። ሕዝቡ እልል እያለ እንስራውን ተሸክሞ መጣ። እርሷ ግን ጦሯን አግድም ይዛ ቆመች። «አንዲት ጠብታ እንዳታፈሱ! መሬቱ እስኪሰነጠቅ ይጠማ!» ከዚያች ቀን ጀምራ አልጋ ወራሽነቷን ለታናሽ ወንድሟ ትታ የቁልቋሉ ጠባቂ ሆነች።

ዓመታት አለፉ። ቁልቋሉ ከአውራ ጣት እምብዛም አልበለጠም። አንድ ቀን የባርሞክ እናት ከሩቅ አገር መጥታ ከፊቱ ቆመች።

«ልጄ የሞተለት ይህ ነው?»

«ይህ ነው፣ እናቴ» አለች ቴልሚራ። «ሲያብብ እርስዎም እኔም አናየውም። የልጅ ልጆቻችን ያዩት ይሆናል።»

አሮጊቷ ተንበርክካ በጣቷ ነካችው። ደም ብቅ አለ።

«ይወጋል!»

«ይወጋል፣ እናቴ።»

«እንግዲያማ የልጄ ወንድም ነው፤ እርሱም የነካውን ይወጋ ነበር!» ብላ ሳቀች። ደሙን ሳትጠርግ ተነሣች፤ ራሷን ቀና አድርጋ በከተማይቱ መካከል ስታልፍ ንጉሡ ከነሠራዊቱ ቆሞ አሳለፋት።