ካዮንዶን ማን ይያዘው?

«በቃ ዝም በል! ወይስ አፍህን በማንጎ ልድፈነው?» አለች ዛዌዴ፣ ሕፃን ወንድሟን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው እያዞረች።

ካዮንዶ ማንጎ አልፈለገም። የፈለገው እናቱን ነው። እናቱ ደግሞ የመንደሩ ሰው ሁሉ እያያት፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር ቆማለች፤ ለመንደሩ ሊቀመንበርነት ተወዳድራ።

በነዛዌዴ አገር የመንደር ሊቀመንበር በወረቀት አይመረጥም። ተወዳዳሪዎቹ ፊት ይቆማሉ፣ መራጩ ከፈለገው ሰው ኋላ ይሰለፋል፣ አስመራጩ ፊሽካ ይነፋና ይቆጥራል። ፊሽካው እስኪነፋ ሐሳብን መቀየር ይቻላል። ችግሩ ማን ከማን ኋላ እንደቆመ አገር ምድሩ ማየቱ ነው። ባልም ያያል።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ዛዌዴ እናቷ እንድታሸንፍ በሙሉ ልቧ አልፈለገችም። ማማ ቀኑን የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ትውልና አመሻሹ ላይ ለቅስቀሳ ቤት ለቤት ትዞራለች። ካዮንዶስ? ካዮንዶማ የዛዌዴ ነው። በዚህ የተነሳ ስንት የኔትቦል ልምምድ አመለጣት! አሰልጣኟ መምህርት አኬሎ ቦታዋን ለሌላ ልጅ ልትሰጥባት ነው። የቡድኑ ልጆችም «እመት ሞግዚት» እያሉ ሙድ ይይዙባታል። ማማ ካሸነፈች ደግሞ አምስት ዓመት እንደዚሁ ሊቀጥል ነው። አምስት ዓመት!

ግን የእናቷንም መከራ አይታለች። በደንቡ ሴት ልጅ ሽማግሌዎችን ሰላም ስትል ትንበረከካለች። ማማ ተንበርክካ ሰላም ስትል «ተንበርካኪ እንዴት ይመራናል?» አሉ። አንድ ቀን ጭቃ ሆኖባት ቆማ ሰላም ብትል ደግሞ «አያችሁ፣ ገና ሳትመረጥ ናቀችን!» አሉ።

«እንግዲህ ቁጢጥ ልበልላቸው?» ብላ ማታ ቤት ውስጥ ስትስቅ፣ ዛዌዴም ሳትወድ አብራ ሳቀች።

ማማን ለምርጫ ያስነሳት የመንደሩ የውኃ ፓምፕ ነው። ከተሰበረ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ሴቱ ሁሉ ከረግረጉ ይቀዳል። መንታ ስለወለደ ሳሎንጎ እየተባለ የሚጠራው የዛሬው ሊቀመንበር ግን ውኃ ቀድቶ ስለማያውቅ አልቸኮለም። ረግረጉ ዳር ሴቶቹ «አንቺን ነው የምንመርጠው!» ብለው ምለውላት ነበር።

አሁን ግን የሳሎንጎ ሰልፍ ረዝሞ እስከ መንገዱ ደርሷል። ምለው የነበሩት ሴቶች ከባሎቻቸው ኋላ ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። ከማማ ኋላ ያሉት ጥቂት ናቸው፤ ከፊት ያለችው ባሏ የሞተባት አሮጊቷ ጃጃ ናሉዋጋ «እኔ ማንን እፈራለሁ!» እያለች በምርኩዟ መሬቱን ትደበድባለች።

ታታስ? ዛዌዴ አባቷን ፈለገችው። «ማንን ትመርጣለህ?» ባሉት ቁጥር «ቀኑ ሲደርስ እናያለን» ይል ነበር። ቀኑ ደረሰ። ታታ ሞተር ከሚነዱት ጓደኞቹ ጋር ከሳሎንጎ ኋላ ተሰልፏል። አንጋጦ የዛፉን ማንጎ የሚቆጥር መስሏል።

ማማም አየችው። ፈገግታዋ አልጠፋም፤ ዓይኖቿ ግን ወደ መሬት ወረዱ። ዛዌዴ ደሟ ፈላ። ሌላው ሰው ይቅር፣ እሱ እንኳ!

በዚህ መሃል ካዮንዶ ጩኸቱን ለቀቀው።

«ሊቀመንበሯ፣ አለቃሽ እየጠራሽ ነው!» አለ ሳሎንጎ። ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል!» አለ አንዱ ከኋላ።

«በወንድ ያለቀውማ ፓምፑ ነው!» አለች ጃጃ ናሉዋጋ።

ማማ ወደ አስመራጩ ዞረች። «ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ላጥባውና ልመለስ።»

«ቦታሽን ከለቀቅሽ ራስሽን እንዳገለልሽ ነው የሚቆጠረው» አለ አስመራጩ ፊሽካውን እያሻሸ። «ልነፋ ነው።»

ማማ ዛዌዴን አየቻት፤ በዓይኗ «ዝም አሰኚልኝ» አለቻት። ዛዌዴ ደግሞ ዘዴውን ታውቀዋለች፤ ካዮንዶን አንገቱ ሥር እፍ ካሉት ይስቃል። ከንፈሯን አሞጠሞጠች።

ከዚያ እፍ ማለቱን ተወችው። «ለምን እኔ?» አለች ለራሷ። የሚጮኸውን ልጅ ይዛ በሰው መሃል ወደ ሳሎንጎ ሰልፍ ሄደች። ማንም ባለጌ እንዳይላት እንደ ደንቡ ተንበረከከችና ካዮንዶን ወደ አባቷ ዘረጋችው።

«ታታ፣ ልጅህን ያዝ።»

«እኔ? አሁን? እዚህ?»

«አዎ። አሁን፣ እዚህ።»

ሰው ሁሉ እያየው ምን ያድርግ? ተቀበላት። ካዮንዶም የባሰውን አቀለጠው።

«ኧረ ጆሯችን!» አሉ ጓደኞቹ።

«ይህን ጥሩምባ ወደ እናቱ ውሰድልን!» አለ ሳሎንጎ ራሱ።

ታታ ልጁን እንደ ትኩስ ድንች ይዞ ወደ ማማ ሮጠ። ማማ ግን እጇን አልዘረጋችም።

«እኔ ቆሜያለሁ» አለችው። «ከኋላዬ ሁነህ ያዝልኝ፤ ካየኝ ዝም ይላል።»

ታታ ከኋላዋ ገባ። ካዮንዶ የእናቱን ሹሩባ ጨበጠና ጸጥ አለ።

«በል ና፣ ተመለስ እንጂ!» ብለው ጓደኞቹ ተጣሩ።

ታታ ወደ እነሱ አየ። ከዚያ ላብ ያጠመቀውን የሚስቱን አንገት አየ።

«ብመለስ ይጮሃል» አለ። እግሩም ከቦታው አልተነቃነቀም።

ያኔ ማማ ንሱቡጋ የምትባለው ጎረቤታቸው ጉሮሮዋን ጠራረገች። «ኧረ ልጁን ፀሐይ መታው!» አለችና ጃንጥላዋን ይዛ ከባሏ ኋላ ወጥታ ወደ ማማ ሰልፍ ሄደች።

«እኔም ንፍጡን ልጥረግለት» አለች ሌላዋ።

«እኔም ላባብለው!» አለች ሦስተኛዋ።

«ዝም ብሏል እኮ!» ብሎ ባሏ ጮኸ።

«ዝም ያለ ልጅ ነው የሚያሳስበው» አለችና ሄደች።

ከዚያ በኋላማ ጉድ ፈላ። አንዷ እግሩን ልሸፍንለት፣ አንዷ ዝንቡን ላባርለት እያለች የሴቱ ጎርፍ ወደ ማማ ሆነ። አንድ ሁለት ወንዶችም ሚስቶቻችንን እንፈልግ ብለው ተከተሉ፤ ሚስቶቻቸውን አግኝተው አልተመለሱም። ሳሎንጎ «ጌታዬ፣ ንፋ እንጂ!» ሲል ፊሽካው ተነፋ።

ማማ በሰባት ሰው በለጠች። ሳሎንጎ ይደገም አለ፤ ተደገመ፤ ያው ሰባት ሆነ። ራሱን እያከከ መጣና እጇን ጨበጠ። «ያሸነፈኝ ሕፃን ነው» አለ፣ «ፓምፑን እንደሆነ አንቺ ታሠሪያለሽ።»

እልልታው ቀለጠ። ዛዌዴም እልል አለች፤ ጉሮሮዋ እስኪነቃ። እናቷ በሴቶች ተከባ ስታለቅስና ስትስቅ አይታ የእሷም ዓይን እንባ ሞላ።

ታታ ካዮንዶን ከሰውነቱ አርቆ ይዞ መጣ።

«እንኪ ልጄ፣ ረጥቧል። እኔ ወደ ሞተሬ ልሂድ።»

የዛዌዴ እጆች በልማድ ተዘረጉ። ከትምህርት ቤቱ ሜዳ የመምህርት አኬሎ ድምፅ ይሰማል፤ ቡድኑን እየጠራች ነው። ዛዌዴ እጆቿን ሰበሰበች። የካዮንዶን ቦርሳ ከራሷ ትከሻ አውርዳ በአባቷ ትከሻ ላይ አንጠለጠለችው።

«ደረቁ ጨርቅ ከላይ ነው፣ ታታ» አለችና ወደ ሜዳው ሮጠች።