የማጠናከሪያዋ ልጅ

የአናጢው እናት ያቺን ካርድ ባያገኙ ኖሮ ውሸቱ ባልተጀመረ ነበር።

አናጢውና መጽሐፍ ጠራዥዋ የተገናኙት ጤና ጣቢያ፣ ክትባት ክፍሉ በር ላይ ባለች አንዲት አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ሁለቱም ኤች አይ ቪ በደማቸው አለ፤ ሁለቱም የመጡት ለመጀመሪያው የማጅራት ገትር ክትባት ነው። እሱ የምትወላገደውን ወንበር ነቅነቅ አድርጎ «ይቺን የሠራ ሰውዬ ከሙያው ጋር ተጣልቷል» አለ። ሳቋ አመለጣት። ከስምንት ሳምንት በኋላ ለሁለተኛው መርፌ ስትመጣ፣ መዶሻ ይዞ ቀድሟት ወንበሯን አጥብቆ ጨርሷል። ልቧ የሄደው ያኔ ነው።

ነርሷ ካርዳቸው ላይ የአምስት ዓመት ቀጠሮ ጻፈችና ከጎኑ «ማጠናከሪያ» ብላ ጨመረችበት። «የክትባቱ ጉልበት እየደከመ ስለሚሄድ በየአምስት ዓመቱ ይደገማል። እናንተ ደግሞ ከሌላው ሰው ይበልጥ ያስፈልጋችኋል፤ እንዳትረሱ።»

እናቱ ካርዱን ከሸሚዝ ኪሱ አገኙት። ሌላው ሁሉ በባዕድ ፊደል ስለነበር ያቺን አንዲት ቃል ብቻ አነበቡ።

«ልጄ፣ ማጠናከሪያ ትምህርት ልትጀምር ነው እንዴ?»

ፊታቸው ሲበራ አይቶ «አዎ» አለ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን ሊወስድም፣ ጠራዥዋን ሊያገኝም ሲወጣ «ማጠናከሪያ» ሄደ ተባለ። እናትየው በሠላሳ ዓመቱ ደብተር ስለያዘው ልጃቸው ለጎረቤት ሁሉ አወሩ። ጠራዥዋን ቤት ሲያመጣትም «የማጠናከሪያዋ ልጅ» አሏት፤ በዚያው ጸና።

«ንገራቸው» ትለዋለች።

«አባቴን በዚሁ በሽታ ነው የቀበረችው። ብነግራት በቁሟ ገደልኳት ማለት ነው።»

«መቼ ልንጋባ ነው ታዲያ?»

እሱ ጥፍሩ ሥር የገባውን የእንጨት ብናኝ ያያል። እሷም የእሱን እጅ ታያለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ አምስቱ ዓመት ሞላ።

በቀጠሮው ቀን እሱ ባጠበቃት ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። ቀረ። ተከትባ ስትወጣ ደወለችለት።

«እማዬ ቤት እየቀየረች ነው። ‹ማጠናከሪያ አንድ ቀን ቢቀር ምን ይላል› አለችኝ። ምን ልበላት?»

«እውነቱን።»

«ሳምንት እሄዳለሁ፣ የኔ ቆንጆ።»

በሳምንቱ የአዲሱ ቤት ጣራ አፈሰሰ፤ ቀጥሎ በሩ አልገጥም አለ። እሷ ትጨቀጭቃለች፣ እሱ ዛሬ ነገ ይላል፤ ሦስት ወር ሄደ። አንድ ሰኞ ራሱን አመመው። ማክሰኞ አንገቱን ማጠፍ አቃተው፤ ሐኪሞቹ ማጅራት ገትር ነው አሉ። ረቡዕ እጁን ይዛ ብትጠራው አላወቃትም። ዐርብ ተቀበረ።

«ቢከተብ ይተርፍ ነበር?» ብላ ነርሷን ጠየቀች።

«ማን ያውቃል? ዕድሉ ግን ይሰፋ ነበር።»

ይህን መልስ ይዛው መኖር አልቻለችም፤ ልትጥለውም አልቻለችም።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ እናቱ ዘንድ ሄደች። አልጋው ጫፍ ላይ፣ አጠገባቸው አስቀመጧት።

«አንድ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው፣ የማጠናከሪያዋ ልጅ። ያን ቀን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ለመሆኑ ትምህርቱን ጨርሶልኝ ነበር?»

እውነቱ አፏ ድረስ መጣ። ብትናገር፣ እኚህ ሴት ልጄን ገደልኩት ብለው ይከተሉታል። ዝም ብትል፣ አምስት ዓመት ለወደደችው ሰው የክፍል ጓደኛ ብቻ ሆና ትቀራለች።

«ጨርሷል፣ እማማ።»

«ተመስገን። ስንተኛ ወጣ?»

«አንደኛ።»

እናትየው በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። «አንቺስ?»

«እኔ ገና ነኝ። ከአምስት ዓመት በኋላም እሄዳለሁ።»

«እንዳትቀሪ እንግዲህ፣ ልጄ። ማንም እንዳያስቀርሽ።»

«እሺ፣ እማማ» አለች። የሚያስቀራት ሰው አልነበራትም።