«ማንም አልነበረም» የሚለው መስመር

የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች «እማማ፣ ያንን የሪደርቫልዱን ነገር ይንገሩን» እያሉ ስለነዘነዙኝ ልናገር፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ የምትጽፈው የልጅ ልጄ ሳሮን ናት። መንፈስ፣ ጥላ፣ ምናምን ሲሉኝ የምስቅ ሴት ነኝ፣ ባሌ በሞተ ማግስት እንኳ ብቻዬን ነው የተኛሁት፣ እመኑኝ።

እዚህ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ውስጥ ሪደርቫልድ የሚባል ሰፈር ስኖር፣ ከበላዬ ባለው ፎቅ ሄር ዋልተር፣ አቶ ዋልተር እንደማለት ነው፣ የሚባሉ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ፣ በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ። እኔ እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም፣ ስዞር ውዬ ስመለስ እሳቸው ጋ ጎራ እላለሁ። ቅድመ አያቶቻቸው ከዚሁ ከፍራንክፈርት አካባቢ ተነስተው፣ አሜሪካ መሀል አገር ዛፍ የሌለው ሜዳ ላይ በበሬ ጋሪ ገብተው፣ አፈሩን ከነሣሩ እንደ ጡብ እየቆረጡ ቤት ሠርተው፣ አንድ ወረዳ ያቀኑ ናቸው። ወረዳው በዓል ሊያከብር ነውና «የአቀናኞቹን ታሪክ ከወረዳችን መጽሐፍ አንብበህ በድምፅ ላክልን» ብለዋቸዋል። ልባቸውን ስለሚያማቸው ሐኪም አውሮፕላን ከልክሏቸዋል፣ ወገናቸው መሀል የሚገኙት በድምፃቸው ብቻ ነው፣ እንደ ልጅ ነበር የጓጉት።

እሑድ ከሰዓት፣ ፀሐይዋ ፍንትው ብላ፣ ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ አቁመው ጀመሩ፤ በእንግሊዝኛ እያነበቡ ለእኔ በጀርመንኛ ይነግሩኛል። «ሲደርሱ አገሩ ባዶ ነበር፣ ማንም አልነበረም» ሲሉ፣ ድም... ድም... የሚል ሰማን።

«ዋሽማሺን ነው» አሉ፣ የልብስ ማጠቢያውን ማለታቸው ነው።

«እሑድ ማን ያጥባል? ያውም በሰንበት ጩኸት ክልክል በሆነበት በጀርመን!»

ዝም ሲሉ ዝም አለ። «ማንም አልነበረም» ብለው ሲደግሙት፣ ድም፣ ድም፣ አሁንማ ከወለሉ ሥር፣ ከወለሉ ሥር ደግሞ ቆልፌው የወጣሁት የእኔው ቤት ነው። ድምፁን አወቅሁት። ሙቀጫ ነው፣ እህል እየወቀጥኩ ያደግሁ ሴት እንዴት ይጠፋኛል፣ ዘነዘናው ሲወርድ የምትወቅጠዋ «እህ» ስትል ሁሉ ይሰማል። ወርጄ ከፈትኩ። ቤቴ ጭር ብሏል፣ ድምፁ ግን አሁንም ከሥሬ ነው።

ተመልሼ ወጥቼ «ያንን መስመር ይሰርዙት» አልኳቸው።

«ፍራው ዘነበች፣ መጽሐፉ እኮ ነው የሚለው!»

«መጽሐፉ ዋሽቷላ! አገር ቤት የአባቴንም ማሳ ቀያሾች መጥተው ‹ባዶ ነው› ብለው ነው ለሌላ ሊሰጡት በገመድ የለኩት፣ እኛ ስድስት ልጆች ደጃፍ ላይ ቆመን እያየናቸው። ባለቤት የሌለው መሬት እኔ አላየሁም፣ እርስዎም አላዩም!»

«ከሰረዝኩት በበዓሉ ላይ ድምፄን አያሰሙም።»

«አያሰሙ!»

ከዚያ እርሳስ አንስተው መስመሩን ሰረዙት፣ ከመጀመሪያው አነበቡት። ድምፁ ቆመ አልልም፣ ራቀ ነው የምለው። በስልኩ መልሰን ስናዳምጥ ያለው የእሳቸው ንባብ ብቻ ነው።

እንዳሉትም ወረዳው «መጽሐፋችንን አጎደልክ» ብሎ ሳያሰማቸው ቀረ፣ በዓመቱ አረፉ። ይቆጫቸው እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔን አይቆጨኝም፣ ዛሬም ቢሆን ይሰርዙት እላለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ የእህታቸው ልጅ ከአሜሪካ መጥታ ቤቴ ጎራ አለች። ከአቀናኞቹ የአንዱ ሚስት ያኔ ለእናቷ የላከችው ደብዳቤ እዚህ ጀርመን፣ ዘመድ ቤት ተገኝቶ ኖሯል። አነበበችልኝ፣ እንዲህ ይላል፦ «የመጀመሪያውን የበረዶ ወራት ያለፍነው ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ባገኘነው በቆሎ ነው። የማን እንደሆነ አልጠየቅንም።»