ካሜራው የሰማው

ልጅቷ አርፋ መቀመጥ አታውቅም። በአጎቷ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ኪቦርድ እየተጫወተች፣ ለገዢ የሚታዩ ቪዲዮዎች በካሜራ ትቀርጻለች። ጣቷ ሲያርፍ እግሯ ይወዛወዛል። ቪዲዮዎቿን ግን የሚወድ አልተገኘም። የቁልፎቹ ኳኳታና የመኪና ጡሩምባ ዜማውን ይውጡታል። አጎቷ ትዕግሥቱ ሲያልቅ የድምፅ ባለሙያ ጠራ።

ባለሙያው ረጋ ያለ ወጣት ነው። የድሮ ቀረጻዋን ሰምቶ ሳቅ አለ።

«ድምፁን በስልክ ነው የቀዳሽው?»

«ታዲያ በምን ልቅዳው?»

«ድምፁን ከራሱ ከኪቦርዱ እንውሰደው።»

ከኪቦርዱ ጀርባ ሁለት ገመድ አውጥቶ ይዞት በመጣው የድምፅ መቅጃ ላይ ሰካ። ጠንከር አድርጋ እንድትጫወት ነገራትና፣ የመቅጃው መብራት ቀይ እንዳይሆን ድምፁን ቀነስ አደረገው። ከዚያ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፋላት። የገዛ ጣቷን እንዲህ ጥርት ብሎ ሰምታው አታውቅም። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

«ካሜራው የሚቀዳው ድምፅስ?» አለች፣ ዓይኗን ወደ ካሜራው መልሳ።

«ምስሉን ከዜማው ለማገጣጠም ብቻ ነው። በኋላ ትጥይዋለሽ።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ተመላለሰ። እሷም ሆን ብላ ትሳሳትና «እንደገና!» ትላለች። በመጨረሻው ቀን ገመዱን እየጠቀለለ፣

«ነገ ከባንድ ጋር ለጉዞ እወጣለሁ» አላት። «ስድስት ወር።»

«መልካም ጉዞ» አለችው፣ ቀና ብላ ሳታየው።

በማግስቱ ጠዋት ቪዲዮውን ልታገጣጥም ተቀመጠች። ትናንት ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ካሜራውን አላጠፋችውም ነበር። ከቀረጻው ውስጥ የአጎቷ ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ ይሄ ሥራ አያልቅም እንዴ?»

«በመጀመሪያው ቀን አልቋል ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ያመላልስሃል?»

ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ከዚያ፣ «እሷ ናት። ግን ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ለምል ሰው፣ ምን ብዬ ልንገራት?»

ማዳመጫውን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ተፈተለከች። ባንዱ ይለማመድበታል ብሎ የነገራት ቤት ደጃፍ ስትደርስ፣ ሚኒባስ ላይ ድምፅ ማጉያ ሲጭን አገኘችው።

«ሰምቼሃለሁ» አለች እያለከለከች።

«ምኑን?»

«ለአጎቴ ያልከውን። ካሜራው ቀድቶታል።»

የያዘውን ሳጥን የሚያስቀምጥበት ጠፋው። «ጣይው ብዬሽ አልነበር?»

«እንኳን አልጣልኩት! ደግሞ እኔ ያን ያህል የምሳሳት ይመስልሃል?»

ገባውና ሳቀ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። እጇን ያዘ።

«ትጠብቂኛለሽ?»

«መጠበቅ አልችልበትም» አለች። «ግን ላንተ ስል እማራለሁ።»

ስድስቱ ወር እንደ ስድስት ዓመት ረዘመባት። መደርደሪያውን አሥር ጊዜ ገልብጣ አስተካከለች፤ ስልኩ ሲጠራ ወንበር እየጣለች ተነሣች። በመጨረሻ አንድ ጠዋት የመሣሪያ ቦርሳውን ሳይዝ መጣ።

«ደግሞ ምን ተበላሸ?» አለ አጎትየው።

«ምንም አልተበላሸም ጋሼ። ልጅዎን እንዲሰጡኝ ልጠይቅዎት ነው።»

አጎቷ መልስ እስኪያስብ ልጅቷ መደርደሪያውን ዞራ፣ አጠገቡ ደርሳ ነበር።