የሞተው ካሜራ

ቪዲዮው ሃያ ሰከንድ ነው። ሙሽራዋ ዛርጉና በሂና ምሽቷ ጸጉሯን ለቃ ስትጨፍር ያሳያል። ረቡዕ ጠዋት በሚንጎራ ከተማ ገበያ ያላየው ወንድ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሰርጉ ቅዳሜ ነው። የፎቶ አንሺዋ የስፖግመይ መስኮት ግን ከወዲሁ በድንጋይ ረግፏል።

በሙሽራዋ ቤት የሴቶች ድግስ ሲኖር ወንድ ዝር አይልም፤ ስልክም አይገባም። የሙሽራዋ አያት አደይ ጉልሻድ በሩ ላይ የዱቄት ጆንያ ይዘው ተቀምጠው የእንግዳውን ሁሉ ስልክ ይለቅማሉ። ግቢው ውስጥ ካሜራ የያዘችው ስፖግመይ ብቻ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው የሴቶችን ሰርግ እያነሳች ነው። አሁን ሦስት ሙሽሮች ቀጠሮ ሰርዘውባታል።

ሐሙስ ዕለት የፖሊስ መኮንኗ ሻንዳና መጣች።

"አደይ፣ ከጆንያው ያመለጠ ስልክ አለ?"

"የለም!" አሉ አሮጊቷ። ከዚያ ግን፣ "ካለም ያው የዜብ ሁለተኛ ስልክ ነው። ጫማዋ ውስጥ አግኝቼባታለሁ።"

የሙሽራዋ አክስት ዜብ ተጠራች።

"ለምን ደበቅሽው?"

"ባሌ በየሩብ ሰዓቱ ይደውላል። ካላነሳሁለት ያኮርፋል።"

"አልቀረጽሽበትም?"

"እህቴ፣ ካሜራ ያለው ስልክ ቢሆን ባሌ ይገዛልኝ ነበር?"

ሻንዳና ተቀብላ አየችው። አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ሳቋን ዋጥ አድርጋ መለሰችላት።

"በቃ እኔ ቀረሁ" አለች አብራ የተጠራችው ስፖግመይ። "የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ገመና ይዤ አንድ ቀን አሾልኬ አውቃለሁ?" እንባዋ መጣ።

ሻንዳና ቪዲዮውን ለአራተኛ ጊዜ ከፈተችው። አሁን ሙሽራዋን ትታ ዳር ዳሩን ተመለከተች። የሴቶቹ ማጀራት ሳይሆን አናታቸው ነው የሚታየው። ከታች ጥግ ላይ ደግሞ ሻርፕ የለበሰች አንዲት ሴት ካሜራ ዓይኗ ላይ ደቅናለች። ራሷ ስፖግመይ ናት። ሰው ሁሉ ሙሽራዋ ላይ አፍጥጦ ነበርና ማንም አላያትም።

ሻንዳና ቀና አለች። ከላይ በበረንዳው አግዳሚ እንጨት ላይ ትንሽ ካሜራ ተሰቅሏል።

"ይሄስ?"

"የሌባ መጠበቂያ ነው። ሞቷል፣ ልጄ" አሉ አደይ። "ዝናብ ከመታው ጀምሮ መብራቱ ጠፍቷል። የሰቀለው ሚራጅ፣ ዕቃ እስካመጣ አትንኩት ብሎናል።"

ሚራጅ ገበያው ውስጥ ካሜራ ይሸጣል፣ ይተክላል። ሻንዳናን በሻይ ተቀበላት።

"ነግሬያቸው ነበር!" አላት። "በሴቶቹ በር ላይ አንድ ካሜራ ቢያስተክሉ ኖሮ ስልክ የደበቀችው ትያዝ ነበር። አሁን ሰው ገብቶታል። ከትናንት ወዲህ አምስት ቤት አዘውኛል።"

"ጥሩ ገበያ ነው፣ ወንድም ሚራጅ። እኛም ነገ አራት ሰዓት ላይ ግቢውን እንፈትሻለን።"

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ሻንዳና ከሞተው ካሜራ ሥር ቆመች። ማንም ቃል እንዳይተነፍስ አስጠንቅቃለች። በትልልቅ ፊደል የተጻፈበት ወረቀት ወደ ላይ ዘረጋች፦ "ሱቅህ ከኋላ በኩል እየተቃጠለ ነው።"

ስልኳ ጮኸ። ከሱቁ ፊት ለፊት ያቆመችው ፖሊስ ነበር።

"እመቤት፣ ሰውዬው አብዷል! በባዶ እግሩ ባልዲ ይዞ ወደ ጓሮ እየሮጠ ነው!"

ስትደርስ ሚራጅ ባልዲውን እንዳንጠለጠለ ነበር።

"እሳት ነው ብሎ ማን ነገረህ?"

"ሽታው…"

"ምን ይሸታል?"

ባልዲውን አስቀመጠ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነው፤ የነዛርጉና ግቢ በሙሉ ይታያል። ካሜራውን ሲተክል ያወጣለትን የይለፍ ቃል ለባለቤቶቹ አላስረከበም። የካሜራውን ጠቋሚ መብራትም ከሱቁ ሆኖ ያጠፋው እሱ ነው።

"ሰው ካልፈራ ካሜራ አይገዛም" አለ በመጨረሻ። "ስልክ ላይ ያሳብባሉ ብዬ ነው። ልጅቷን ለመጉዳት አላሰብኩም።"

"ስለሷ ጭራሽ አላሰብክም" አለችው ሻንዳና። ተናዳለች፤ ንዴቷንም አልደበቀችም።

የዛርጉና አባት ነገሩ በሽማግሌ እንዲያልቅ ፈለገ። ልጅቷ ግን እስክሪብቶ ጠየቀች።

"የሰረቀው እሱ፣ የምደበቀው እኔ? ክሱን እፈርማለሁ። ደግሞ ነገ ስፖግመይ ካላነሳችኝ ከቤት አልወጣም።"

ቅዳሜ ሻንዳና መለዮዋን እንደለበሰች ደረሰች። አግዳሚው ላይ ባዶ ምስማር ቀርቷል። አደይ ጉልሻድ ጆንያቸውን ይዘው በሩ ላይ ናቸው።

"ስልክሽን።"

"አደይ፣ እኔ እኮ ፖሊስ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ስልክሽን።"

ከውስጥ ከበሮ ይመታል። "ቀና በይ፣ ሙሽራዬ!" የምትለው ስፖግመይ ናት። ሻንዳና ስልኳን ጆንያው ውስጥ ጣለች። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገችና ኮፍያዋንም አወለቀች፤ እሱንም ጨምራ ጸጉሯን እየፈታች ገባች።