የእሜቴ የኋላ እግሮች

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ። ጭራ ያላችሁም ጠጋ በሉ፤ ታሪኩ ለሁላችሁም ይበቃል።

ሐዋሳ ከተማ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት፣ አንድ አንደኛ ክፍል ነበር። በክፍሉ ውስጥ አርባ ልጆች ይማሩ ነበር።

አርባ ልጆች ለጨዋታ ይመቻሉ። ሁለት ሁለት ቢሆኑ ማንም አይተርፍም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ግን ትርሲት መጣች። ከደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ከብርዱ አገር፣ ከእናቷ ጋር ገና መምጣቷ ነው።

ትርሲት ስትጨመር ልጆቹ አርባ አንድ ሆኑ። አርባ አንድ ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ አስቸጋሪ ቁጥር ነው።

«ሁለት ሁለት ሁኑ» አሉ መምህራቸው ቲቸር አስካለ፣ ወደ ሜዳ ሲወጡ።

ግር ግር ግር! ሁሉም የጓደኛውን እጅ ያዘ።

ትርሲት ብቻዋን ቀረች።

መዝሙር ሊዘምሩ ሲሉ፣ «ሁለት ሁለት ሁኑ።» ግር ግር ግር!

ትርሲት ብቻዋን ቀረች።

እጅ ሊታጠቡ ሲሰለፉ፣ «ሁለት ሁለት ሁኑ።» ግር ግር ግር! ትርሲትስ? እናንተው ንገሩኝ እስቲ።

አዎ። ብቻዋን ቀረች።

ልጆቹ ክፉዎች ሆነው አይደለም። ሁሉም የየራሱ ጓደኛ ስላለው፣ ጓደኛ የሌላት ልጅ መኖሯ ትዝ አላለውም።

ትርሲት ግን ከፋት። በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ ጉንዳን ታያለች፤ ጉንዳኖቹ እንኳን ተከታትለው ነው የሚሄዱት።

የምትፈልገው ትልቅ ነገር አልነበረም። ጓደኛ ነበር የምትፈልገው።

ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ።

አንድ ቀን ቲቸር አስካለ እጃቸውን አጨበጨቡ። ጯ ጯ ጯ!

«የወላጆች ቀን ደርሷል። ዘንድሮ ትያትር እንሠራለን» አሉ።

ትያትሩ ስለ አንድ ስግብግብ ነጋዴና ስለ አህያው ነው። ነጋዴው ሽንኩርት ይጭንባታል፣ ድንች ይጭንባታል፣ ጎመን ይጭንባታል፤ በመጨረሻ ራሱም ሊቀመጥባት ይላል።

ያን ጊዜ አህያዋ «በቃኝ» ትልና ትራገጣለች። ጧ!

«ነጋዴ መሆን የሚፈልግ?» አሉ ቲቸር አስካለ።

«እኔ፣ እኔ፣ እኔ!» ነጋዴው አቤኔዘር ሆነ።

«ሽንኩርት ሻጭስ?»

«እኔ፣ እኔ፣ እኔ!» ሽንኩርት ሻጭም ተገኘ፤ ድንች ሻጭም፣ ጎመን ሻጭም ተገኘ።

«አህያስ?»

ጸጥ።

ማን አህያ መባል ይፈልጋል? አንዴ አህያ ከተባሉ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል አህያ መባል ነው።

ቲቸር አስካለ ፈገግ አሉ። «ከሁሉም የሚከብደው የአህያዋ ነው፤ ጎበዝ ይፈልጋል። ለመሆኑ ማናፋት የሚችል አለ?»

ይሄኔ ላሚሶ ተነሣ። ላሚሶ በሩጫ አንደኛ፣ በኳስም አንደኛ ነው፤ ሁሉም አጠገቡ መቀመጥ ይፈልጋል።

«ሃአአ—ሂ! ሃአአ—ሂ!» አለ።

ግራሩ ላይ ያሉት ወፎች በሙሉ ብርርር ብለው ተነሡ።

«ይኸው አህያችን ተገኘች» አሉ ቲቸር አስካለ። «ግን አህያ ስንት እግር አላት?»

«አራት።»

«ላሚሶስ?»

«ሁለት።»

«እንግዲያው የኋላ እግር የሚሆን ሌላ ልጅ ያስፈልገናል።»

«የአህያ ቂጥ» አለ አንዱ ቀስ ብሎ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

አህያ መሆንስ ይሁን። የአህያ ኋላ መሆን ግን፣ ኧረ ወዲያ!

ትርሲት አልሳቀችም። እያሰበች ነበር።

የአህያ ኋላ ሁልጊዜ ከአህያ ፊት ጋር ነው የሚሄደው። የአህያ ኋላ ብቻውን አይቀርም።

ቀስ ብላ እጇን አወጣች።

ቤት እንደገባች፣ «እማዬ፣ ትያትር ልሠራ ነው» አለች።

«እሰይ የኔ ልጅ። ምን ሆነሽ?»

«አህያ።»

«ጥሩ ነው።»

«ኋላዋን።»

እናቷ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «መቼም ኋላ የሌላት አህያ አይቼ አላውቅም» አለችና ግንባሯን ሳመቻት።

ቲቸር አስካለ ከሁለት አሮጌ ብርድ ልብሶች ግራጫ አህያ ሰፉ። ጭንቅላቷን ከካርቶን፣ ጭራዋን ከገመድ ሠሩላት።

ስሟንም እሜቴ አሏት። ትልቅ ሴት ትመስላለች፣ እሺ የምትል አትመስልም።

ላሚሶ ከፊት ገባ። ትርሲት ጎንበስ ብላ ከኋላ ገባችና ወገቡን ያዘች።

ብርድ ልብሱ ውስጥ ጨለማ ነው። ይሞቃል፤ ደግሞ ትንሽ ትንሽ ካልሲ ካልሲ ይሸታል።

«ሂጂ፣ እሜቴ» አለ አቤኔዘር፣ እንደ ነጋዴ ሆዱን ነፍቶ።

ላሚሶ በግራ ተነሣ። ትርሲት በቀኝ ተነሣች።

እሜቴ ተለጠጠች፣ ተለጠጠች፣ ተለጠጠች… ጥርርርር! ዷ!

ፊቷ ወደ በሩ ወደቀ። ኋላዋ ወደ ሰሌዳው ወደቀ።

«ረገጥሽኝ እኮ» አለ ላሚሶ።

«አንተ ነህ የረገጥከኝ» አለች ትርሲት።

«አህያ ለአህያ ቢራገጥ ጥርስ አይሳበርም» አሉ ቲቸር አስካለ፣ መርፌና ክር እየፈለጉ። «ተነሡ፣ እንደገና።»

በማግሥቱ ላሚሶ ፈጠነ፤ ትርሲት ዘገየች። ጥርርርር! ዷ!

በሦስተኛው ቀን ላሚሶ ቆመ፤ ትርሲት አልቆመችም። ግንባሯ ከጀርባው ጋር ተጋጨ፤ ጓ!

ላሚሶ ተናደደ። «ቲቸር፣ ከሌላ ልጅ ጋር ያድርጉኝ» አለ።

ትርሲት ሰማች። ብርድ ልብሱ ውስጥ ስለነበረች እንባዋን ማንም አላየም።

«ሌላ ልጅ የለም» አሉ ቲቸር አስካለ። «ክሩ አልቆብኛል፤ አምጥቼ እስክመለስ እዚያው ጠብቁኝ።»

ጠበቁ። 

እንፍ።

«ታለቅሻለሽ እንዴ?» አለ ላሚሶ።

«አላለቅስም።» እንፍ።

ላሚሶ ደነገጠ። ኳስ ሲጫወት ስንቴ ወድቋል፣ ስንቴ ተነሥቷል፤ ሰው ማስለቀስ ግን አይወድም።

«ስምሽ ማነው?» አላት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ክፍል ተቀምጠው፣ ስሟን አያውቅም! ወይ ላሚሶ።

«ትርሲት።»

«ትርሲት፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ እቸኩላለሁ፤ ቤትም ሁሌ ይቆጡኛል።»

«እኔ ደግሞ ምንም አይታየኝም» አለች ትርሲት። «የሚታየኝ ያንተ ጀርባ ብቻ ነው።»

ላሚሶ ከፊት ሆኖ በሩም፣ ሰሌዳውም፣ ልጆቹም ይታዩታል፤ ከኋላ ያለችው ምንም እንደማታይ አንድ ቀንም አስቦት አያውቅም።

«በቃ እነግርሻለሁ» አለ። «ግራ ስል ግራ። ቀኝ ስል ቀኝ።»

ከኪሱም ቆሎ አወጣ። በጨለማው ውስጥ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋና ግማሹን ሰጣት።

ከዚያ ሞከሩ። እናንተም አብራችሁ በሉ።

ግራ… ቀኝ… ግራ… ቀኝ…

እሜቴ ሄደች! በክፍሉ ውስጥ ዞረች፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ዞረች፣ ክር ይዘው የመጡት ቲቸር አስካለ ጋ ደርሳ ቀጥ አለች።

ሌላ ሳምንት ሲሞላ መንገር እንኳን አላስፈለገም። የላሚሶ ወገብ ወዲህ ካለ ግራ፣ ወዲያ ካለ ቀኝ መሆኑን ትርሲት በእጇ ታውቀዋለች።

ርግጫውማ የሷ ሥራ ነው። ጧ! አቤኔዘር በከሰል የሳለው ጢሙ በሳቅ እንባ እስኪለቅ ድረስ ትራገጣለች።

ግን አንድ ነገር ነበር።

ልምምዱ ሲያልቅ ላሚሶ ወደ ኳሱ ይሮጣል። ትርሲት ወደ ግራሩ ሥር ትመለሳለች።

ብርድ ልብሱ ውስጥ ጓደኛ አላት። ከብርድ ልብሱ ውጭ ግን፣ እንጃ።

«ትያትሩ ሲያልቅስ?» እያለች ታስባለች። «ሲያልቅ እንደገና ብቻዬን ልቀር ነው?»

የወላጆች ቀን ደረሰ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ።

እናቶች መጡ፣ አባቶች መጡ፣ ሕፃናት ታዝለው መጡ። የትርሲት እናት ከሥራ በቀጥታ መጥታ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች።

መጋረጃው ተከፈተ። ሸርርር!

ነጋዴው አቤኔዘር የከሰል ጢሙን ዳበስ አደረገ። «አህያዬን አምጡልኝ» አለ።

እሜቴ ገባች። ግራ… ቀኝ… ግራ… ቀኝ…

መድረኩ መሀል ስትደርስ ቆመች።

«ሂጂ፣ እሜቴ» አለ ነጋዴው።

አልሄደችም።

«ሂጂ እንጂ» አለ ነጋዴው። ጢሙ ማላብ ጀመረ።

እሜቴ ንቅንቅ አላለችም። ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላም ሳቀ።

ትርሲት ምንም አይታያትም። በእጇ ግን ተሰማት፤ የላሚሶ ወገብ ይንቀጠቀጣል።

«ላሚሶ፣ ምን ሆንክ?» አለች በሹክሹክታ።

«ሰዉ በዛ» አለ ላሚሶ። «ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት። እግሬ እንቢ አለኝ።»

በሩጫ አንደኛ የሆነው ላሚሶ፣ በኳስ አንደኛ የሆነው ላሚሶ፣ አንድ እርምጃ አቃተው።

ትርሲት ወገቡን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። «ላሚሶ፣ እኔ ከኋላህ አለሁ» አለችው። «አትያቸው። እኔን ብቻ ስማኝ።»

«እሺ።»

«ግራ» አለች ትርሲት።

ምንም።

«ግራ፣ ላሚሶ። አብረን ነን።»

ላሚሶ በረጅሙ ተነፈሰ። ግራ እግሩ ተነሣ።

ግራ… ቀኝ… ግራ… ቀኝ…

እሜቴ ሄደች። ሽንኩርት ተጫነባት፣ ሄደች። ድንች ተጫነባት፣ ሄደች። ጎመን ተጫነባት፣ ሄደች።

ነጋዴው በላይዋ ላይ ሊቀመጥ እግሩን አነሣ።

«ሃአአ—ሂ!» አለ ላሚሶ።

ጧ! አለች ትርሲት።

ጎመኑ ወዲያ፣ ድንቹ ወዲህ፣ ነጋዴው በቂጡ መሬት!

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አንድ ሽማግሌ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፤ የታዘለ ሕፃን ነቅቶ «አያ!» አለ፤ አህያ ማለቱ ነው።

ጭብጨባው ቀለጠ። ላሚሶ የካርቶኑን ጭንቅላት አወለቀና ብቅ አለ።

«ላሚሶ! ላሚሶ!» አሉ ልጆቹ። አቤኔዘር እጁን ይዞ ወደ መድረኩ ጫፍ ጎተተው።

ብርድ ልብሱ ከላሚሶ ላይ ተንሸራቶ ትርሲት ላይ ወደቀ። ትርሲት ከሥሩ ቁጭ እንዳለች ቀረች።

ከላይ ጭብጨባ ትሰማለች። «ይኸው አለቀ» አለች በልቧ።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ እናቷ አንገቷን አስግጋ ትፈልጋታለች። የሚታያት ግን ግራጫ ብርድ ልብስ ብቻ ነው።

ላሚሶ ለተመልካቹ እጅ ሊነሣ ሲል ወደ ኋላው ዞረ። ማንም የለም።

«ቆዩ» አለ። «ግማሼ ቀርቷል።»

ጭብጨባው ቆመ። ላሚሶ ሮጦ ተመለሰና ብርድ ልብሱን ገለጠ።

ፀጉሯ የቆመ፣ ፊቷ በላብ የራሰ አንዲት ትንሽ ልጅ ብቅ አለች። ብርሃኑ ዓይኗን ወጋት።

ላሚሶ እጇን ይዞ እስከ መድረኩ ጫፍ አመጣት። «ይቺ ትርሲት ናት» አለ ለአዳራሹ በሙሉ። «እሷ ባትኖር እስካሁን እዚያ ቆሜ ነበር።»

አዳራሹ ከመጀመሪያው ይበልጥ አጨበጨበ። እናቷ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ የጎረቤቷን ትከሻ ይዛ፣ «የኔ ናት፣ የኔ ልጅ ናት» ትላለች።

ትርሲት መሳቅም ማልቀስም አማራት። ሁለቱንም አደረገች።

እሑድ ሆነ። ትርሲት ቤቷ ቁጭ ብላ ሥዕል ትስላለች። ትናንት ትናንት ነው፤ ዛሬስ?

ኳ! ኳ! ኳ!

እናቷ በሩን ከፈተች። ላሚሶ ቆሟል፤ ከኋላው አቤኔዘር፣ የከሰል ጢሙ ግማሹ ገና ሳይታጠብ፤ ከሱ ኋላ ደግሞ ሽንኩርት ሻጯና ድንች ሻጩ።

«እትዬ፣ ትርሲት አለች?» አለ ላሚሶ። «ሜዳ ልንሄድ ነው።»

«አለች። ማን መጣ ልበላት?»

ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?

«ጓደኞቿ ነና» አለ ላሚሶ።

እናቷ ልትጠራት ወደ ውስጥ ዞረች። ትርሲት ግን አንድ ጫማ አድርጋ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ፣ በሩ ላይ ደርሳ ነበር።