የእማሆይ ጎመን

«አጨብጭቡላት!» አሉ መምህር ደምሌ። ተማሪው ሁሉ አጨበጨበ፤ አሰለፈች ግን አንገቷን ደፍታ እግሯን ታያለች። የአውራጃው ገዥ ተማሪዎቹ በግቢው ያለሟቸውን የአትክልት መደቦች ጎብኝተው፣ ከሁሉም የእሷን ጎመን አድንቀው መሄዳቸው ነበር።

ጎመኑ ግን የእሷ አልነበረም። ጥቅምት ላይ የተሰጣትን ችግኝ ገበጣ ስትጫወት ውሃ ነፍጋው ደርቆባት ነበር። ባዶ መደብ ይዞ ገዥው ፊት መቆም አሳፈራትና፣ ጠዋት ጎረቤቷ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እስኪሄዱ ጠብቃ ጓሯቸው ገባች። የእማሆይ ጎመን የሚኮተኩተውም የሚያጠጣውም የለ፤ ቅጠሉን በለቀሙት ቁጥር መልሶ እያቆጠቆጠ ዓመት ከዓመት አጥር ሥር የሚኖር ነው። አንድም ሳታስቀር ከነአፈሩ ነቅላ አምጥታ መደቧ ላይ ተከለችው።

ጭብጨባው ሳያባራ እማሆይ ራሳቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

«እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ? ጃርት ነው መሰል ጎመኔን ከነሥሩ ነቅሎ ወሰደብኝ። የነቢያት ጾም ደግሞ ገና መግባቱ ነው። እዚህ ያማረ ጎመን አለ ቢሉኝ፣ የምተክለው ቅርንጫፍ ልለምን መጣሁ።»

«ምን ችግር አለ እማሆይ! ባለቤቷ ይችውልዎት» አሉ መምህር ደምሌ።

እማሆይ ጎንበስ ብለው ቅጠሉን ዳበሱት። ጣታቸው ግንዱን ተከትሎ ወረደና እሳቸው በቢላ የቆረጡት ጠባሳ ላይ ቆመ። ቀና ብለው አሰለፈችን አዩዋት።

«አንቺ ነሽ የተከልሽው፣ ልጄ?»

«አዎ» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ጓደኛዋ አዲስዓለም በክርኗ ጎሸም አድርጋ «ንገሪያቸው እንጂ፣ ምን ያሽኮረምምሻል!» አለቻት። የአሰለፈች ፊት ነደደ።

«የእርስዎ ነው» አለች። «ጠዋት እኔ ነኝ የነቀልኩት።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። መምህር ደምሌ ፊታቸውን ቋጠሩ።

ማንም ሳያዛት ዶማ አነሳች። ጎመኑን አንድ በአንድ እያወጣች በነጠላዋ አቀፈችው። በንፋስ መውጫ ከተማ ገበያ መሃል ከእማሆይ ኋላ ኋላ ስትሄድ፣ ቀና ብላ ሰው ማየት አልቻለችም።

ጓሮው ሲደርሱ እማሆይ ባዶውን ቦታ በጣታቸው አሳዩዋት።

«ጉድጓዱን ጠለቅ አድርጊው።»

ተንበርክካ ቆፈረች። የመጨረሻውን ተክላ አፈሩን ስትጠቀጥቅ እማሆይ እንደቆሙ ጠየቋት።

«ነገ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ? ወይስ ትቀሪያለሽ?»

የሳቀው ልጅ፣ የመምህር ደምሌ ፊት፣ ባዶው መደብ በዓይኗ ዞሩ።

«እሄዳለሁ» አለች።